አባቴ ፕላዝማ የሚሰጣት ልጅ

ስምንት ዓመቴ ሳለ አንድ ተራ ጉንፋን ይዞኝ ለቀቀኝ። ጉንፋኑ ለቀቀኝ እንጂ እኔ ግን እንደ በፊቱ አልሆንኩም። ያለ ምክንያት ከእናቴ ጋር እነታረካለሁ፤ የማውቃቸው ቃላት አፌ ላይ ደርሰው ይጠፉብኛል፤ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ ግራ እጄ የሌላ ሰው እጅ ይመስል በራሱ ጊዜ ይንቀጠቀጣል። አስተማሪዬ ለእናቴ ኮል አድርጋ «ስትጠራ አትሰማም፤ ሐሳቧ እዚህ አይደለም» ስትላት፣ እናቴ የሰነፍኩ መስሏት ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ብዙም ሳይቆይ ትምህርት ቤት ምሳ ሰዓት ላይ ወተት ይዤ ተሰልፌ ሳለሁ ወደቅሁ። የማስታውሰው ወተቱ ጫማዬ ውስጥ ሲገባ የተሰማኝን ቅዝቃዜ ብቻ ነው።

የምንኖረው ብሌንደን ታውንሺፕ በሚባል ሰፈር ካሉት አፓርትመንቶች በአንዱ ውስጥ ነበር። ዲቪ ደርሶን ከመጣን ገና ጥቂት ዓመታችን ነበር። አባቴ ጀማነህ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ ይሠራል፤ እናቴ ሰርካዲስ የሆቴል ክፍሎች ታጸዳ ነበር። ወንድምም እህትም አልነበረኝም፣ እንዲኖረኝም አልፈልግም ነበር። በተለይ አባቴን ከማንም ጋር መካፈል አይሆንልኝም። ከሌላ ሰው ልጅ ጋር ሲሳሳቅ ካየሁ በሁለታችን መሃል ገብቼ እጁን እጎትታለሁ። ስሜ ሐምራዊት ስለሆነ በዓለም ላይ ያለው ሐምራዊ ቀለም ሁሉ የኔ ይመስለኝ ነበር፤ አባቴ ደግሞ ከቀለሙም በላይ የኔ ነበር።

«ይቺ ልጅ ቅናቷ ለጉድ ነው» ይሉ ነበር እትዬ ማዘንጊያ። እትዬ ማዘንጊያ ከእኛ ብዙ ዓመት ቀድመው በሱዳን በኩል በስደት የመጡ፣ ፒከሪንግተን የራሳቸው ቤት ያላቸው ሴት ናቸው። አገሩን ያስተዋወቁን፣ አልጋና ድስት የሰጡን፣ አባቴን ሥራ ያስገቡት እሳቸው ነበሩ። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ በር የሚያህል ቴሌቪዥን ነበራቸው። እናቴ ከእሳቸው ቤት በተመለስን ቁጥር «ፕላዝማቸውን አየሽው? ሰዎቹ አጠገብሽ የተቀመጡ ነው የሚመስሉት» ትለኝ ነበር። የኛ ቴሌቪዥን እሳቸው አሮጌውን ሲጥሉ ያነሳነው ነው፤ አንዱ ጥግ ሁልጊዜ አረንጓዴ ነበር።

ሐኪሞቹ በሽታዬ የሚጥል በሽታ ነው አሉ። መድኃኒት ጀመሩልኝ፤ አልያዘውም። ሌላ ጨመሩበት፤ እሱም አልያዘውም። አንዳንድ ቀን ገና ቁርሴን ሳልጨርስ ይጥለኝ ጀመር። እትዬ ማዘንጊያ በፕላስቲክ ጠርሙስ ጠበል አመጡልኝ፤ እናቴም ጠበሉንም ክኒኑንም አንድ ላይ ታጠጣኝ ነበር። «አንዱ አንዱን አይከለክልም» ትላለች። በመጨረሻ ሆስፒታል አስተኝተው ከጀርባዬ በመርፌ ፈሳሽ ቀዱና መረመሩት። ጸጉሯ የሸበተ ረጅም ዶክተር መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ እሷ ስትናገር ስልኩ ውስጥ ያለ አስተርጓሚ በአማርኛ ይከተላታል።

«ሰውነት ራሱን ከበሽታ የሚከላከልበት ኃይል አለው» አለ ስልኩ። «የልጃችሁ ግን ተሳስቷል። የገዛ አንጎሏን እንደ ጠላት ቆጥሮ እያጠቃ ነው። የሚጥላትም ለዚህ ነው።»

እናቴ አልገባትም። አባቴን አየችው።

«ዘበኛው» አለ አባቴ ቀስ ብሎ፣ «የቤቱን ልጅ ሌባ መስላው እየደበደባት ነው ማለት ነው።»

እኔ ለቅሶ ጀመርኩ። «አባርሩታ! ዘበኛውን ለምን አታባርሩትም?»

«እሱ ከሄደማ እውነተኛው ሌባ ይገባል፣ ሐምራ» አለኝ ግንባሬን እያሻሸ። «ማባረር ሳይሆን ማባበል ነው። የሚያባብለው መድኃኒት አላቸው።»

መድኃኒቱ ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው በየቀኑ የምውጠው ስቴሮይድ ነው። ፊቴን እንደ ዳቦ ነፋው፤ ያየሁትን ሁሉ አስበላኝ፤ በትንሽ በትልቁ ያስቆጣኝም ጀመር። ዛሬ ያ ቁጣ የመድኃኒቱ ጠባይ መሆኑን አውቃለሁ። ቅናቴን ግን መድኃኒቱ አላመጣውም፤ ከፊትም ነበረ፣ ድምፁን ከፍ አደረገለት እንጂ። ሁለተኛው በወር አንድ ጊዜ በክንዴ የሚገባ፣ በመስታወት ጠርሙስ የሚሰቀል ጥርት ያለ ፈሳሽ ነው። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ አስቀምጠው እያንጠባጠቡ ይሰጡኝ ነበር።

እናቴ እኔን ለመጠበቅ ሥራዋን ለቀቀች። በዚያው ሰሞን አባቴ አንዳንድ ቀን ከሥራ ዘግይቶ መግባት ጀመረ። ዘግይቶ በገባባቸው ቀናት ክንዱ መታጠፊያው ላይ በጨርቅ ታስሮ ይታያል፤ አንድ ቀን ሮዝ፣ አንድ ቀን ቢጫ። አንድ ቀን ሐምራዊ ታስሮ መጣ።

«ይሄን ማን አሰረልህ?» አልኩት።

«አንዲት ልጅ ናት» አለና እጅጌውን ወደ ታች ሳበው።

«የማን ልጅ?»

«እዚያ የምትሠራ ልጅ… ተይ እስቲ አሁን፣ ራትሽን ብዪ።» እጁን ሊታጠብ ሄደ።

አማርኛችን ሃያ አምስት ዓመት የሞላትን ሴት «ልጅ» ማለት እንደሚችል ያኔ ልብ አላልኩም። ለኔ ልጅ ማለት እኔን የምታህል ናት። አንዲት ልጅ አለች፤ አባቴ ከሥራ ሲወጣ እሷ ዘንድ ይሄዳል፤ እሷም በኔ ቀለም ክንዱን ታስርለታለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ መልኳን አወጣሁላት። ቀጭን ናት፤ ፊቷ አላበጠም፤ ጸጉሯ ረጅም ነው፤ ምሳ ሰዓት ላይ ወድቃ አታውቅም።

አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እትዬ ማዘንጊያ እኛ ቤት መጡ። አባቴ መኪና ሊያስጠግን ወጥቶ ነበር። እኔ ሶፋው ላይ የተኛሁ መስዬ ኩሽና ውስጥ የሚወራውን አዳምጣለሁ።

«ሰርኬ፣ እንዳትቆጪኝ። የጀማነህን ክንድ አይተሽዋል?»

«ምን ሆነ ክንዱ?»

«ዛሬ ቅዳሴ ላይ እጁን ሲዘረጋ እጅጌው ተሰብስቦ አየሁት። ሁለቱም ክንዱ ተበሳስቷል። በዚህ አገር ስንት ወንድ በዚሁ እንደጠፋ እኔ ነኝ የማውቀው። ሥራ ላይም ደክሞታል አሉ። ልጅ ታሞበት ጭንቀት ይዞት ይሆናል፣ አልፈርድበትም። ግን ጠይቂው።»

እናቴ ቧንቧውን ከፍታ ዕቃ ማጠብ ጀመረች። እትዬ ማዘንጊያ ፈርተው የነበረው ስለ ዕፅ መሆኑን የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያን ቀን የገባኝ እሳቸውም ስለ ልጅቷ ጨርቅ ማወቃቸው ነው።

አባቴ እንደገባ እናቴ መኝታ ቤት ጠርታው በሩን ዘጋችው። በሩ ሥር ሄጄ ቁጭ አልኩ።

«ክንድህን አሳየኝ።»

«ሰርካዲስ…»

«አሳየኝ!»

ከዚያ እናቴ እንደ ማልቀስ ስትል ሰማሁ፤ አባቴም ድምፁን ከፍ አድርጎ «ፕላዝማ ነው! ፕላዝማ ነው የሰጠሁት፤ ምን መስሎሽ ነው?» አላት።

«ለማን ነው የምትሰጠው?»

«ለማን እንደሆነ እኔ ምን አውቃለሁ! ለአንዷ ለታመመች። እንደኛዋ ላለች ለሌላ ልጅ ነው የሚደርሰው።»

«አገር ቤት ቢሰሙ ምን ይሉናል? እትዬ ማዘንጊያስ? ምን ብዬ ነው የምነግራቸው?»

የቀረውን አልሰማሁም። ሶፋው ላይ ተመልሼ ፊቴን ትራስ ውስጥ ቀበርኩ። አባቴ ፕላዝማ ይሰጣል። በር የሚያህል፣ ሰዎቹ አጠገብ የተቀመጡ የሚመስሉበትን ፕላዝማ፣ ለሌላ ልጅ። እኔ ጥጉ አረንጓዴ በሆነ ቴሌቪዥን ካርቱን እያየሁ! ሌላዋም ልጅ ታማለች። ይሄ ከሁሉም ባሰብኝ። በዓለም ላይ አንድ የኔ ብቻ የሆነ ነገር ቢኖር በሽታዬ ነበር፤ እሱንም ወስዳብኛለች።

ከበሩ ባልሸሽ ኖሮ የምሰማውን እናቴ ካደግሁ በኋላ ነገረችኝ። እሷ ሥራ ከለቀቀች በኋላ የአባቴ ደሞዝ የቤት ሬንቱን አልችል ብሎ ነበር። ዌርሃውስ ያሉ ልጆች ከሺፍት በኋላ የሚሄዱበት፣ የደም ውሃ ተቀብሎ የሚከፍል ቦታ እንዳለ ነገሩት። እሱም ሳይነግራት ሄደ። እናቴን ያስለቀሳት ባሏ ደሙን ሸጦ ሲያኖራት አለማወቋ ነው። «ለሌላ ልጅ ነው የሚደርሰው» ያላትም ሊያጽናናት ፈልጎ ነበር፤ ነገሩ ሽያጭ ብቻ እንዳይመስላት።

የሚቀጥለው የጠርሙስ ቀን ሲደርስ የወሰደኝ አባቴ ነበር። መድኃኒቱ የሚሰጥበት ክፍል ውስጥ ከኔ ቀጥሎ ያለው ወንበር ሁልጊዜ የኑራ ነበር። ኑራ በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች፤ የእሷም ዘበኛ እንደኔው ተሳስቶ ነበር። እናቷ ፍርዶስ የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ ሳቂታ፣ ኑራን ብቻዋን የምታሳድግ፣ ታክሲ የምትነዳ። ኑራ አባት ስላልነበራት አባቴ ሁለታችንንም እንቆቅልሽ ይጠይቀን ነበር። ነገሩን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልወደድኩትም። መልሱን ከኔ ቀድማ ታገኛለች። አባቴም «ጎበዝ!» ይላታል። ያ «ጎበዝ» የኔ ነበር።

የዚያን ቀን መርፌው ክንዴ ውስጥ ገብቶ ፈሳሹ መንጠባጠብ እንደጀመረ ኑራ ወደኔ ጠጋ ብላ «ጌስ ዋት» አለችኝ። «አዲስ ቲቪ አለን። ኢት ኢዝ ሶ ቢግ። ግድግዳው ሙሉ ነው።»

«ማን ሰጣችሁ?»

«አይ ዶንት ኖው» አለች ትከሻዋን ነቅንቃ። «ሰርፕራይዝ ነበር።»

አባቴን ቀና ብዬ አየሁት። የእሷን ትራስ እያስተካከለላት ነበር። ከዚያ ነርሷ መጥታ መርፌው እንዳይነቃነቅ የኑራን ክንድ ልትጠቀልል ቀለም አስመረጠቻት። ኑራ ጣቷን ሐምራዊው ላይ አደረገች። ያው ጨርቅ ነበር፤ አባቴ ክንድ ላይ ያየሁት ያው ራሱ።

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። «እሷ ናት!» ብዬ ጮህኩ። «ልጅህ እሷ ናት! ፕላዝማውን ለሷ ነው የሰጠሃት!» የኑራን ጨርቅ በሁለት እጄ ያዝኩና ጎተትኩት። ኑራ ጮኸች። አባቴ ሲይዘኝ የራሴን መርፌ ነቅዬ ወረወርኩት፤ ደሜ ወለሉ ላይ ተንጠባጠበ። «አልፈልግም! መድኃኒቱን ለሷ ስጧት! ሁሉን ነገር ለሷ ስጧት!»

ነርሷ አማርኛውን ባትሰማም ክንዴን በጥጥ ተጭና ይዛ ታባብለኛለች። ፍርዶስ ግን ቃል በቃል ሰምታለች። ኑራን ደረቷ ላይ ለጥፋ አባቴን አፍጥጣ አየችው።

«ጋሼ ጀማነህ፣ ልጅቷ ምን እያለች ነው?»

አባቴ ፊቱ ላይ ደም አልነበረም። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ፣ ፈረንጆቹም ጭምር፣ እኛን ነው የሚያዩት። እጁን ወደ ራሱ ወስዶ አመነታ። ከዚያ ፊት ለፊቴ ተንበረከከና የሸሚዙን እጅጌ እስከ ላይ ጠቀለለው። ቁስሉን ያኔ ነው ያየሁት፤ ክንዱ መታጠፊያ ላይ ትንንሽ ጠባሳ፣ ዙሪያው የበለዘ። ሌላኛውንም እጅጌ ጠቀለለ።

«ፕላዝማ ቲቪ አይደለም፣ የኔ እናት» አለኝ። «ከደም ውስጥ የሚወጣ ውሃ ነው። እኔ እሄዳለሁ፣ በመርፌ ይቀዱኛል። ጨርቁን የምታስርልኝ እዚያ የምትሠራዋ ናት።»

«ለምን ይቀዱሃል?»

«መጀመሪያ… ለቤት ኪራዩ ነበር።» ይህን ሲል ፍርዶስን አላያትም። «በኋላ ግን ዶክተሯ ስለዚህ ጠርሙስ ነገረችኝ። ያንቺ መድኃኒት ከምን እንደሚሠራ ታውቂያለሽ? ከዚሁ ውሃ ነው። ሺህ ሰው፣ ከሺህም በላይ ሰው፣ ያወጣውን ቀላቅለው ያጣሩታል። የማናውቃቸው ሰዎች ናቸው ያዋጡልሽ።»

«ያንተ ነው እዚህ ያለው?»

«አይመስለኝም። የኔ ለሌላ ልጅ ይሄዳል። ለሷ ደግሞ እኔ የማታውቀኝ ሰው ነኝ።»

ያን ጊዜ ፍርዶስ ሳቀች። መጀመሪያ አፏን በሻርፗ ሸፍና፣ ከዚያ ዓይኗ እንባ እስኪሞላ። ኑራን ከደረቷ አላቀቀችና እሷም እጅጌዋን ሰበሰበች። ክንዷ ላይ እንደ አባቴው ያለ ጠባሳ ነበር።

«ያ አላህ!» አለች። «እኔ ብቻዬን መስሎኝ! ሞርስ ሮድ ያለው ጋ ነው የምትሄደው?»

«እዚያው ነው» አለ አባቴ አፉን ከፍቶ።

«እኔም እዚያው ነኝ። ማንም አበሻ እንዳያየኝ ኮፍያ አድርጌ ነው የምገባው። ቲቪውንም በእሱ ነው የገዛሁላት፤ ከየት አመጣሽው እንዳትለኝ ሰርፕራይዝ ነው አልኳት።»

«እኔም ኮፍያ አድርጌ ነው!» አለ አባቴ፤ ከዚያ ሁለቱም ተያይዘው ሳቁ። ስቀው ስቀው አባቴ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። እኔ በኔ የሳቁ መስሎኝ ይበልጥ ተቆጣሁ። በኔ እንዳልነበር ዛሬ አውቃለሁ። ወር ሙሉ፣ ወራት ሙሉ፣ በአንድ በር እየገቡ እርስ በርስ የተደበቁ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ተገላገሉ።

ነርሷ አዲስ መርፌ ይዛ ቆማ ትጠብቃለች። ክንዴን አልሰጠኋትም።

«ያቺ ልጅ» አልኩት አባቴን፣ «ስሟ ማነው?»

«አላውቅም።»

«መጥታ ታይሃለች?»

«የት ታገኘኛለች?»

«አባዬ ብላህ ታውቃለች?»

«በፍጹም» አለኝ። «አባዬ የሚለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ክንዴን ዘረጋሁ። ኑራ ከእናቷ ብብት ሥር በአንድ ዓይኗ እያየችኝ «አበደች እንዴ?» አለች በእንግሊዝኛ፤ ለብዙ ወር አላናገረችኝም።

እንዲህ ነው የተጀመረው ፈውሴ። መጣሉ ቶሎ አልቆመም፤ እየራቀ፣ እየራቀ ነው የሄደው። ስቴሮይዱ ሲቀነስ ፊቴ ተመለሰ፤ ቃላቶቼም እየተለቃቀሙ ተመለሱ። መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስገባ ጠርሙሱ ቀረልኝ። የኑራን በሽታ ያን ያህል በቀላሉ ማባበል አልተቻለም። ብዙ መድኃኒት ሞከሩላት፤ ዛሬም አንዳንዴ ይጥላታል፣ መኪናም አትነዳም። ወደ ሐኪም ስትሄድ ቀኑ ከተመቸኝ የማደርሳት እኔ ነኝ። እንቆቅልሽ እስካሁን ከኔ ቀድማ ነው የምትፈታው።

እናቴ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ሬንቱም ችግር መሆኑ ቀረ። አባቴ ግን ወደ ሞርስ ሮድ መሄዱን አልተወም። እናቴ ስትቆጣው «ልምድ ሆነብኝ» ይላል። በግልጽ ነው የሚሄደው፤ ኮፍያም የለም። እትዬ ማዘንጊያ እውነቱን ሲሰሙ በጣም አፍረው ቀለበታቸውን ሸጠው ሊያግዙን ተነሡ፤ እናቴ እምቢ ብላ መለሰቻቸው። አባቴ ያቆመው የደም ግፊት ሲጀምረው፣ እዚያ ያሉት ራሳቸው «ከእንግዲህ አይሆንም» ብለው በመለሱት ቀን ነው። እናቴ እንደምትለው ያን ቀን ምሳውን ሳይበላ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ዋለ። ጤናው አሳስቦት መስሏት ነበር።

ባለፈው በጋ እዚሁ ቅርባችን፣ ደብሊን የሚባል ሰፈር ባለ መሥሪያ ቤት ሥራ አገኘሁና ቢሮዬን ላሳየው በኔ መኪና ይዤው ሄድኩ። መንገድ ላይ ስለዚያ ጊዜ ጨዋታ ተነሣ። ኑራ ናት እስክል ድረስ በሐሳቤ ስለ ሠራኋት ልጅ፣ ስለ ቀጭንነቷ፣ ስለ ረጅም ጸጉሯ፣ ስንት ጊዜ በልቤ እንደተጣላኋት አንድ በአንድ ነገርኩት። የመኪናውን በር እየመታ ሳቀ። ቀይ መብራት ላይ ስንቆም ግን ሳቁ ቀነሰና በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረ።

«ነበረችኝ እኮ» አለ።

«ምን?»

«ያቺ ልጅ። መርፌው ውስጤ ሆኖ እዚያ ወንበር ላይ ስጋደም ስለሷ ነበር የማስበው። ዛሬ ተሽሏት ይሆን? ትምህርት ጀምራ ይሆን? ስንት ዓመቷ ሆነ? እያልኩ። አንቺ ከዳንሽ በኋላማ የሷ ነገር ብቻ ነበር የሚያስኬደኝ። አይሆንም ብለው ሲመልሱኝ ምንም ሳልላት የተለየኋት መሰለኝ።» መነጽሩን አውልቆ ያዘ። «ስም እንኳ አውጥቼላት ነበር።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ የራሴ ሥራ፣ የራሴ መኪና አለኝ። መኪናውን ግን አላንቀሳቀስኩም።

«ማን ብለህ?» አልኩት።

ከኋላችን ያለው መኪና ክላክስ አደረገ።

«ንጂ እንጂ» አለኝ።

«አባዬ፣ ማን ብለህ?»

ዞር ብሎ ፊቴን አየው፤ ምን እንዳየበት እንጃ፣ እጁን ዘርግቶ ጉንጬን ዳሰሰኝ። «ንጂ፣ ሐምራ» አለ፤ ስሟን ግን እስካሁን አልነገረኝም።